የተፈጥሮ ጋዝ በቅድሚያ ለብዙኀኑ መጓጓዣ!

አንድ ሕዝብ የኢኮኖሚ ነፃነቱን ተቀዳጀ ሊባል የሚችለው ሰንደቅ ዓላማውን በገዛ ምድሩ ላይ በማውለብለቡ ብቻ አይደለም። እህሉን ከአውድማ ወደ ገበያ የሚያጓጉዝበትን፣ ሠራተኛውን ከመኖሪያው ወደ ፋብሪካው የሚያደርስበትንና የምርት መሣሪያዎቹን የሚያንቀሳቅስበትን ኃይል በራሱ እጅ ሲያስገባ ነው። ነዳጁን ሁሉ ከሌላ ሸምቶ የሚኖር አገር፣ ምንም ያህል ትጉህ ቢሆን፣ የላቡን ፍሬ ከፊሉን በየዕለቱ በጭስ መልክ ሲበትን ይኖራል። ገበሬው ዘርቶ፣ ለቅሞና አድርቆ ለውጭ ገበያ የሚያቀርበው ቡና ያስገኘው ዶላር፣ ገና ከእጃችን ሳይሞቅ ቤንዚንና ናፍጣ ሆኖ በየመንገዱ ሲቃጠል የምናየው ከዚህ የተነሣ ነው።

የየካቲት 1966 ዓ.ም.ን ዘመን በዐይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች ይህን ለመረዳት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልጋቸውም። በመካከለኛው ምሥራቅ በተነሣው ጦርነት ሳቢያ የዓለም የነዳጅ ዋጋ ናረ። በአገራችንም የቤንዚን ዋጋ ሲጨመር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቁመው ተነሡ። ያ አድማ ከመምህሩ፣ ከተማሪውና ከሠራዊቱ ጥያቄ ጋር ተደርቦ የዘውዱን ሥርዓት ካናጉት ኃይሎች አንዱ ለመሆን በቃ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የነዳጅ ጉዳይ የማደያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የሕዝብ ኑሮ፣ የሕዝብ ዳቦ፣ የሕዝብ ፖለቲካ ጉዳይ መሆኑ ግልጽ ሆኗል።

የታሪክ ምፀት ይህ ነው፤ ነጂው በዋና ከተማው ስለ ቤንዚን ዋጋ በሚጮኽበት በዚያው ዘመን፣ በኦጋዴን ምድር በካሉብ አካባቢ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ባካሄደው ቁፋሮ የተፈጥሮ ጋዝ ተገኝቶ ነበር። ኩባንያው ሄደ፤ ጋዙ ቀረ። ከዚያም የሶቪየት ኅብረት ባለሙያዎች መጥተው ተጨማሪ ጉድጓዶችን ቆፈሩ፤ የክምችቱንም መጠን መረመሩ። በኋላም ልዩ ልዩ ኩባንያዎች እየተፈራረቁ መጡ፣ ሄዱ። ሀብቱ ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ከመሬት በታች ተኝቶ ኖረ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. የኦጋዴን የፈሳሽ ጋዝ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ምዕራፍ በተመረቀበት ዕለት፣ ይኸው ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የማምረት አቅም እንዳለው፣ ቀጣዩ ምዕራፍም ይህንኑ ወደ 1.33 ቢሊዮን ሊትር ለማድረስ የታቀደ መሆኑ ተገልጿል።

እንግዲህ «ጋዝ አለን ወይስ የለንም?» የሚለው የቆየ ጥያቄ ምላሽ አግኝቷል። አሁን የተደቀነብን ጥያቄ ከፊተኛው ይልቅ የሚከብድ ነው፤ ጋዙን በቅድሚያ ማን ይንዳበት? ለየትኛው ተሽከርካሪ? በምን ቅደም ተከተል? በማንስ ቁጥጥር? ይህ ጥያቄ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው የቴክኒክ ጥያቄ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኛ ግን የሰፊው ሕዝብ ጥያቄ ነው እንላለን።

ውሃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ ነውና አስቀድመን የቃሉን ትርጉም እናጥራ። በየቤታችን «ጋዝ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ለኩራዝና ለምድጃ የምንገዛውን ላምባ ወይም በሲሊንደር የሚመጣውን ቡታጋዝ ነው። የተፈጥሮ ጋዝ ከሁለቱም ይለያል። ላምባ ከድፍድፍ ነዳጅ ተጣርቶ የሚወጣ ፈሳሽ ነው። ቡታጋዝ ከአየር የሚከብድ በመሆኑ ቢያፈተልክ ከወለል ላይ ይተኛል። የተፈጥሮ ጋዝ ግን በአመዛኙ ሜቴን የተባለ፣ ከአየር የሚቀል ጋዝ ነው፤ በገላጣ ሥፍራ ሲያፈተልክ ወደ ላይ ይበናል፤ በተዘጋ ጣራ ሥር ግን ይከማቻል። ይህን ልዩነት ማወቅ የመንደርንና የጋራዥን ሕይወት የሚነካ መሆኑን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ጋዝ እንደ ናፍጣ በተራ በርሜል ተሞልቶ የሚጫን አይደለም። በተሽከርካሪ ላይ ለመያዝ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማመቅ ነው፤ የመኪና ጎማ ከሚነፋበት ግፊት ወደ መቶ እጥፍ በሚጠጋ፣ ይኸውም በ200 ባር ግፊት በጠንካራ ሲሊንደር ውስጥ ይታመቃል። ሁለተኛው ማቀዝቀዝ ነው፤ ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽነት ይለወጥና መጠኑ ወደ 600 ጊዜ ገደማ ያንሳል። የታመቀው ጋዝ ለከተማ አውቶቡስ፣ ለታክሲና ለባጃጅ ይመቻል። ፈሳሹ ደግሞ በአንድ ሙሌት ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ከባድ ተሽከርካሪ ይመቻል። ፈሳሹ ጋዝ ግን አንድ ጠባይ አለው፤ ታንኩ ምንም ያህል ቢሸፈን ቀስ በቀስ እየሞቀ ወደ ጋዝነት ይመለሳልና ተሽከርካሪው ቀናት ቆሞ ከሰነበተ ግፊቱ ከፍ ብሎ ጋዙ በመተንፈሻ ቫልቭ በከንቱ ይወጣል። ስለዚህ የሚያዋጣው ሌት ተቀን ለሚሠራ መኪና እንጂ ግቢ ውስጥ ለሚቆም አይደለም። ተፈጥሮ ራሷ በዚህ ረገድ ለሥራ መኪና አድልታለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ይህን መንገድ እኛ የመጀመሪያዎቹ ሆነን አንጀምረውም። ኢጣልያ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ መኪናን በሜቴን ስትነዳ ቆይታለች። አርጀንቲና እ.ኤ.አ. ከ1984 መጨረሻ አንሥቶ ፈሳሽ ነዳጅን በጋዝ የመተካት ብሔራዊ ፕሮግራም ዘርግታ ከ1 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎችን ወደ ጋዝ አሸጋግራለች። ኢራን ድፍድፍ ነዳጅ ሞልቶ ተርፏት ሳለ የሚበቃ ማጣሪያ ስላልነበራት ቤንዚን ከውጭ ለመግዛት ተገድዳ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ቤንዚንን በራሽን ስታድል የተፈጥሮ ጋዝን እንደ መውጫ በር ተጠቅማበታለች። ግብፅ በ1990ዎቹ የጀመረችውን ሥራ እ.ኤ.አ. በ2021 ያረጁ መኪናዎችን በጋዝ በሚሠሩ አዳዲሶች የመተካት ዘመቻ አጠናክራዋለች። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ጥቅሙንም ጉዳቱንም ወለል አድርገው የሚያሳዩን ሁለት አገሮች ናቸው፤ ሕንድና ፓኪስታን።

የሕንድ ዋና ከተማ ዴልሂ በአውቶቡስና በመኪና ጭስ ታፍና በነበረበት ጊዜ፣ አንድ የሕግ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1985 ባቀረበው አቤቱታ መነሻነት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን ሲከታተል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1998 ታላቅ ትእዛዝ አስተላለፈ። የከተማው አውቶቡሶች በሙሉ እስከ መጋቢት 2001 በታመቀ ጋዝ ወደሚሠሩ እንዲለወጡ፣ ቁጥራቸውም ወደ 10 ሺህ ከፍ እንዲል ወሰነ። ትእዛዙ ትክክለኛ ነበር፤ ዝግጅቱ ግን ከትእዛዙ ኋላ ቀረ። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ማደያው ጥቂት፣ የጋዙ ግፊት ደካማ፣ ሰልፉ ኪሎ ሜትሮች የሚረዝም ሆነ። የባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ነጂ፣ ይኸውም እኛ ባጃጅ የምንለው መኪና ባለቤት፣ የእንጀራውን ሰዓት በሰልፍ ጨረሰ፤ ሌሊቱን በመሪው ላይ ተደፍቶ አደረ። በይድረስ ይድረስ በተገጠመ ዕቃ ሳቢያ እሳት የተነሣባቸው አውቶቡሶችም ታዩ። ጥቅማቸው የተነካባቸው ወገኖች ይህን ችግር እንደ ጋሻ ይዘው ትእዛዙን ለማስቀልበስ ተፍጨረጨሩ።

ፍርድ ቤቱ ግን አልተመለሰም። ጊዜ ጨመረ፤ በናፍጣ መሥራታቸውን በሚቀጥሉ አውቶቡሶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 በየቀኑ የሚከፈል መቀጫ ጣለ። ማደያው ተስፋፋ፤ ምርመራው ጠበቀ፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2002 የመጨረሻው የናፍጣ ከተማ አውቶቡስ ከዴልሂ መንገድ ወጣ። ከአውቶቡሱ ኋላ እንደ ጥላ ይከተል የነበረው ጥቁር ጭስ ቀነሰ። ይህ የድል ታሪክ ነው። ነገር ግን ታሪኩን በሙሉ መናገር ግዴታችን ነው። ከዚያ በኋላ በከተማዋ የግል መኪና እንደ አሸን ፈላ፤ የፋብሪካ ጭስ፣ የግንባታ አቧራና የገለባ ቃጠሎ ተጨመሩበት፤ ዛሬ ዴልሂ ዳግመኛ አየሯ ከተበከለ ከተሞች ግንባር ቀደም ሆናለች። ጋዙ የሚችለውን ሠራ፤ የማይችለውን ግን ሊሠራ አልቻለም።

ፓኪስታን የሄደችበት መንገድ የተለየ ነበር። እዚያ ጋዝ በቅድሚያ ለሕዝብ አውቶቡስ አልተባለም። ዋጋው ዝቅ ተደረገ፤ የማደያ ፈቃድ በገፍ ታደለ፤ መቀየሪያ ዕቃ የሚሸጠው ነጋዴ በረከተ፤ የግል መኪና ባለቤት ሁሉ ወደ ጋራዥ ተመመ። እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ከ2 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪዎች በጋዝ ሲነዱ አገሪቱ በዚህ ረገድ ከዓለም የፊተኛውን ረድፍ ያዘች። ዓለምም አጨበጨበ። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንደተባለው ግን፣ የከርሰ ምድሩ ጋዝ እየጎደለ መሆኑን ያሰበ አልነበረም። የጋዝ ጥም ያለበት ተሽከርካሪ ከኤሌክትሪክ ማመንጫው፣ ከማዳበሪያ ፋብሪካውና ከድሃው ምድጃ ጋር ይሻማ ጀመር። ማደያዎች በሳምንት ለተወሰኑ ቀናት እንዲዘጉ ተገደዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ መንግሥት ሲሊንደርና መቀየሪያ ዕቃ ከውጭ እንዳይገባ እስከ ማገድ ደረሰ። ከውጭ የሚሸመት ነዳጅን ለመተካት የተነሣው አገር እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ጋዙን ራሱን ፈሳሽ አድርጎ ከባሕር ማዶ ሲሸምት ተገኘ። መቀየሪያ ዕቃውን የሸጠው ነጋዴ ትርፉን አስቀድሞ ሰብስቧል፤ በተዘጋው ማደያ በር ላይ የቆመው ግን ታክሲ ነጂው ነው።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የምንቀስመው ትምህርት አጭርና ግልጽ ነው። መሣሪያው አንድ ነው፤ ሲሊንደሩ አንድ ነው፤ ጋዙም አንድ ነው። ልዩነቱን ያመጣው ቅደም ተከተሉ ነው። የብዙኀኑን መጓጓዣ በግንባር ያሰለፈው አገር ተቸግሮም ቢሆን ከግቡ ደረሰ። ነገሩን ለገበያ ግርግር የለቀቀው አገር ደግሞ ሀብቱን በግል መኪና ጭስ ማውጫ አባክኖ ወደ ተነሣበት ተመለሰ። ቴክኒክ በራሱ ከማንም ወገን አይቆምም፤ ወገን የሚሰጠው የሚያዘው ማኅበራዊ ኃይል ነው።

ይህን ትምህርት ወደ ገዛ ቤታችን ስናመጣው ስሜትን ትተን ቁጥርን መጠየቅ ይገባናል። አንድ ሊትር ፈሳሽ ጋዝ የሚሰጠው ኃይል ከአንድ ሊትር ናፍጣ ኃይል ስድስት አሥረኛ ያህል ነው። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ምዕራፍ 111 ሚሊዮን ሊትር፣ አንዲት ጠብታ ሳትባክን በሙሉ ለተሽከርካሪ ቢውል እንኳ ከ65 ሚሊዮን ሊትር ናፍጣ ጥቂት የሚበልጥ ይተካል። በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር ናፍጣ የሚጠጣ አንድ ተሳቢ መኪና በዓመት 80 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል 32 ሺህ ሊትር ይፈጃል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚሸከመው 2 ሺህ ያህል ከባድ ተሽከርካሪዎችን ነው። አገራችን በየዓመቱ ከምትሸምተው በቢሊዮን ሊትር የሚቆጠር ነዳጅ አንጻር ይህ ታላቅ ጅማሮ እንጂ የመጨረሻ እፎይታ አይደለም። ይህን የምንለው የሕዝቡን ተስፋ ለማቀዝቀዝ አይደለም። ጥቂት የሆነ ነገር ያለ ጥንቃቄ ከተበተነ ለማንም ሳይደርስ እንደሚያልቅ ለማስገንዘብ ነው። አንድ እንስራ ውሃ ለመንደሩ ሁሉ እግር መታጠቢያ አይታደልም፤ በቅድሚያ ለተጠማው ይሰጣል።

የተጠማው ማነው? እንደኛ እምነት በቅድሚያ የሚሰለፈው የጭነት ማመላለሻው ነው። የአገሪቱ የገቢና የወጪ ንግድ እጅግ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ በኩል ይተላለፋል። ከጋላፊ እስከ ሚሌ፣ ከሚሌ እስከ አዋሽ ሌት ተቀን የሚነዱት ተሳቢዎችና ቦቴዎች በአንድ መስመር የሚመላለሱ ናቸውና በጥቂት፣ በሚገባ በተቋቋሙ ማደያዎች ሊስተናገዱ ይችላሉ። የስንዴው፣ የማዳበሪያውና የዘይቱ ዋጋ በእያንዳንዱ ቀበሌ ሱቅ የሚወሰነው በከፊል በእነዚህ መኪናዎች ነዳጅ ነው። ጋዝ በተሳቢው ታንክ ገብቶ የመጓጓዣ ወጪ ሲቀንስ፣ ቁጥጥር ካለና ትርፉን መሐል ላይ ቆሞ የሚነጥቅ ከሌለ፣ ቅናሹ ወደ ሠራተኛው ማዕድ ይደርሳል። ሁለተኛው ተሰላፊ ደግሞ የብዙኀን አውቶቡስ ነው። ስልሳና ሰባ ሰው የሚጭን አንድ አውቶቡስ የሚያቃጥለው ጋዝ፣ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦባቸው የሚሄዱ ብዙ አውቶሞቢሎች ከሚያቃጥሉት ጋር ሊነጻጸር አይችልም።

ለቤት አውቶሞቢል ሌላ መንገድ ተከፍቷል። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይታወሳል። 5 ሺህ 150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ስለዚህ በከተማ ውስጥ አጭር መንገድ የሚሄደውና ሌሊት ግቢ ውስጥ የሚቆመው መኪና ከዐባይ ውሃ ኃይሉን ይቅዳ፤ ሸክም ተሸክሞ በረሃ የሚያቋርጠው ከካሉብ ጋዝ ይቅዳ። ውሃውና ጋዙ አይጣሉም፤ አንዱ የሌላውን ጉድለት የሚሞላ የአንድ ሕዝብ ሁለት እጆች ናቸው።

«ዋጋውን ዝቅ አድርጉና ገበያው ራሱ ይደልድለው» የሚሉ አይጠፉም። ፓኪስታን ያየነው ይኸው ነው። የገበያው ድልድል ገንዘብ ላለው ያደላል፤ ገንዘብ ያለውም ከአውቶቡሱ ይልቅ የራሱን መኪና ያስቀድማል። «ሁለተኛው ምዕራፍ ሲደርስ ለሁሉም ይበቃልና አሁን መቆጣጠር አያስፈልግም» የሚሉም አሉ። እነርሱንም ቁጥሩ ይመልስላቸዋል፤ 1.33 ቢሊዮን ሊትር በሙሉ ለተሽከርካሪ ቢውል እንኳ በላይኛው ስሌት የሚበቃው ለ25 ሺህ ያህል ተሳቢዎች ነው። ከዚህም ላይ የማዳበሪያ ጥያቄ አለ፤ ጋዙ በተመረቀበት በዚያው ዕለት በጎዴ የማዳበሪያ ፋብሪካ የመሠረት ድንጋይ ተጥሏልና ገበሬው ከዚህ ሀብት ድርሻውን ይጠብቃል። መደልደል ዛሬ ካልተለመደ ነገ አይለመድም። ከዚህም ጋር፣ መለየት እንደሚቻል ልምድ አለን፤ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች ከሌላው ተለይተው የነዳጅ ድጎማ እንዲያገኙ ተደርጎ ነበር። በአሠራሩ የታዩትን ቀዳዳዎች ደፍኖ ይህን ልምድ ለጋዝ ማዋል የሚያቅት ነገር አይደለም።

ቅደም ተከተሉን ስንወስን የሰውን ሕይወት የሚመለከተውን ነገር ቸል ልንል አንችልም። 200 ባር ግፊት የተሸከመ ሲሊንደር በአግባቡ ከተሠራ፣ በአግባቡ ከተገጠመና በየጊዜው ከተመረመረ የሚያስፈራ ነገር አይደለም። በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪናዎች ተሸክመውት ይሄዳሉ። ካልተመረመረ ግን በተሳፋሪው መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ቦምብ ነው። እንደየአገሩ ሕግ በየ3 ወይም በየ5 ዓመቱ ግፊትን የመቋቋም ፈተና ይደረግበታል፤ ዕድሜው ሲያበቃም ከነጭራሹ ይወገዳል። በሲሊንደር ላይ ብየዳ መሥራት፣ ለሌላ ሥራ የተሠራ ሲሊንደርን በመኪና ላይ መግጠም፣ ያረጀን ቀለም ቀብቶ መሸጥ በነፍስ ግድያ እንጂ በተራ የንግድ ጥፋት ሊታይ አይገባም።

በፈሳሹ ጋዝ በኩል ደግሞ ቅዝቃዜው ራሱ እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ቀጂው ሠራተኛ የእጅ ጓንትና የፊት መከላከያ ሳይለብስ ቧንቧ መንካት የለበትም። የታመቀው ጋዝ እንዲሸት ተብሎ መዓዛ ይጨመርበታል፤ ፈሳሹ ግን ይህ ስለማይደረግበት በሽታ አይታወቅም፤ ስለዚህ የጋራዥ ጣራ አየር የሚያስወጣና አመልካች መሣሪያ የተገጠመለት መሆን አለበት። ቀደም ብለን ስለ ሜቴን ቀላልነት የተናገርነው እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛል። ለናፍጣ መኪና ተብሎ የተሠራ፣ ጣራው የታፈነ ጋራዥ ለጋዝ መኪና ወጥመድ ነው።

ጋዝ ከጭስ ነፃ ነው እየተባለ የሚነዛው ፕሮፓጋንዳም በልኩ ሊያዝ ይገባዋል። ጥቁር ጥላሸቱ እጅግ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ለሳንባችንም ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሜቴን ሳይቃጠል ወደ አየር ከወጣ በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ በላይ ነው። ከጉድጓዱ አፍ እስከ ሞተሩ ድረስ በየመጋጠሚያው የሚሾልከው ጋዝ ካልተዘጋ የተገኘው ጥቅም ሁሉ ይጠፋል። ድርቅ የደጋገመባት አገር ልጆች ይህን ማስተማሪያ ከማንም አይጠብቁም። የሚያሾልክ ቫልቭ የአገር ሀብት ሌባ ነው፤ የዝናባችንም ጠላት ነው።

ሌላው ታላቅ ነገር ጋዙ የሚወጣበት ምድር ሕዝብ ነው። ካሉብ ከአዲስ አበባ በሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚርቅ የሶማሌ አርብቶ አደር ምድር ነው። ግመሉንና ፍየሉን በዚያ ምድር የሚያሰማራው ወገናችን በደጁ የሚያልፈውን ቦቴ አቧራ ብቻ እየቃመ የሚኖር ከሆነ፣ ወርቅ ላበደረ ጠጠር መመለስ ይሆናል። የውሃ ጉድጓዱ ንጽሕና በየጊዜው ተመርምሮ ውጤቱ ሊነገረው፣ ልጆቹ በዘበኝነትና በጉልበት ሥራ ብቻ ሳይሆን በቴክኒሻንነትና በመሐንዲስነት ሊሠለጥኑ፣ የመጀመሪያው ማደያና የመጀመሪያው አውቶቡስም በእርሱ መንገድ ላይ ሊታይ ይገባል። የተጎዳ ወገን ባለበት የሚገኝ ሀብት የጋራ ሀብት ሊባል አይችልም።

እነዚህ ሁሉ በመመሪያ ብዛትና በሪፖርት ጋጋታ አይፈጸሙም። የናፍጣ ሞተር በቀላሉ ወደ ጋዝ አይለወጥም፤ ስለዚህ ለከባድ ተሽከርካሪ አዲስ መኪና መግዛት ያስፈልጋል፤ ይህም የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። መኪናው ከማደያው በፊት ከመጣ ይቆማል፤ ማደያው ከመኪናው በፊት ከተሠራ ይዝጋል፤ ሁለቱም ከሠለጠነ ሠራተኛ በፊት ከመጡ አደጋ ይወልዳሉ። ታንዛንያ በሶንጎ ሶንጎ የጋዝ ሀብቷ ባለቤት ሆና ሳለ፣ በዳሬሰላም ባጃጅና ታክሲ ወደ ጋዝ ሲዞር ማደያው ጥቂት በመሆኑ ነጂው ለረጅም ሰዓት ሲሰለፍ ታይቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና መኪናው፣ ማደያው፣ መርማሪውና ሠራተኛው በአንድ ዕቅድ ተቀናጅተው እኩል ሊራመዱ ይገባል።

ዕቅዱ ሥጋ የሚለብሰው ደግሞ በተደራጀው ሕዝብ ነው። የጋራዥ ሠራተኛው ያለ ሥልጠናና ያለ መከላከያ ልብስ ሲሊንደር እንዲነካ ሲታዘዝ «አይሆንም» የማለት መብቱን በማኅበሩ በኩል ያስከብር። ነጂው የሲሊንደሩን የምርመራ ምስክር ወረቀት እንደ መንጃ ፈቃዱ አድርጎ ይጠብቅ። የቀበሌው ነዋሪ በሰፈሩ የጋዝ ማደያ ሊተከል ሲል ርቀቱን፣ የእሳት መከላከያውንና የመኪና መውጫ መግቢያውን ስብሰባ ጠርቶ ይጠይቅ፤ ጠይቆም ተገቢውን መልስ ሲያገኝ በከንቱ ፍርሃት ሥራውን አያሰናክል። በመንደር ጓሮ ሲሊንደር እየበየደ የሚሸጠውን የሚያውቅ ጎረቤት «ምን አገባኝ» ብሎ አይለፈው። ለድንኳኑና ለቀብሩ እድር ያደራጀ ሕዝብ፣ ሞቱ ከመምጣቱ በፊት ለሚከለክለው ጥንቃቄ መደራጀት አያቅተውም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል።

የሚመለከታቸው ባለሥልጣኖችም በበኩላቸው ምን ያህል ጋዝ እንደተመረተ፣ ለማን እንደተሰጠና ምን ያህል ናፍጣ እንደተካ በየጊዜው ለሕዝብ ይፋ ያድርጉ። ጋዙ የሕዝብ ከሆነ ሒሳቡም የሕዝብ ነው። ሕዝብ የሚያውቀውን ይጠብቃል፤ የማያውቀውን ግን ሌላው ይወስድለታል።

በ1966 ዓ.ም. መኪናውን አቁሞ የተነሣው ነጂ የጠየቀው ቀላል ነገር ነበር፤ ሠርቼ ልደር፣ ወገኔን ላጓጉዝ ነው ያለው። ያኔ ከእግሩ ሥር በሩቅ በረሃ የተገኘው ጋዝ ሊደርስለት አልቻለም። ዛሬ ለልጅ ልጁ ሊደርስ ይችላል። መድረሱ የሚወሰነው ግን በጉድጓዱ ጥልቀት አይደለም፤ በእኛ የዓላማ ጽናት፣ በሥራችን ጥራትና በቅደም ተከተላችን ትክክለኛነት ነው። ስለዚህ በየማኅበሩ፣ በየጋራዡና በየቀበሌው ስብሰባ ሁሉ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ይሁን፤ ጋዙ በቅድሚያ የሚነዳው ብዙኀኑን ነው ወይስ ጥቂቶችን? መልሱን በሥራ የምናሳይበት ጊዜ አሁን ነው።

የከርሰ ምድር ሀብታችን ለብዙኀኑ ጥቅም ይዋል!